በጎሊና በር ያለፈው ሙሉ ውሃ

ታረቀኝ የጎሊና ወንዝ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። የት እንደሚያልቅ ግን አያውቅም ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ይህ ነገር ያሳስበው ጀመር።

ከሮቢት በታች ባለው ሜዳ የሚያርሱ ሰዎች ወንዙን የሚያውቁት በእነሱ በኩል በሚያልፈው ቁራጩ ብቻ ነው። በበጋ ሰፊ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ዳር ዳሩን ቀጭን ውሃ ይሄድበታል። ክረምት ሲገባ በምዕራብ ያለው ደጋ ይዘንብና፣ ቆላው ፀሐይ እየመታው ሳለ፣ ጎርፉ ከሰዓት በኋላ ቀይ ሆኖ ይደርሳል። ገበሬው ይጠልፈዋል። ወንዙ ዳር አፉ በድንጋይ፣ በእሾህና በአፈር የተደፈነ ትልቅ ቦይ አለ፤ ጎርፍ ሲመጣ አፉ ይከፈትና ውሃው ወደ ማሽላው ይመለሳል። የጎርፉ ዕድሜ ጥቂት ሰዓት ነው። የተያዘው ተያዘ፤ ያመለጠው ወደ አፋር ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ የሚጠይቅ የለም።

ታረቀኝ የዚህ ቦይ የውሃ አባት ነበር። ሹመቱ ደሞዝ የለውም፣ ማኅተምም የለውም። ገበሬዎቹ ተሰብስበው ይመርጣሉ፤ የተመረጠው ሰው ክረምቱን ሙሉ ከቦዩ አይርቅም። ከሁሉ በላይ የሚጠበቅበት አፉ የሚከፈትበትን ቅጽበት ማወቅ ነው። የጎርፉ ግንባር ግንድና ቋጥኝ ይዞ ስለሚመጣ ፈጥነው ከከፈቱለት ቦዩን በጠጠር ይሞላዋል። ከዘገዩ ደግሞ ውሃው ይጎድልና ወደ ቦዩ አይወጣም። ግንባሩን አሳልፎ ወገቡን መያዝ ያስፈልጋል። ታረቀኝ ዳር ላይ ቁጢጥ ብሎ ያዳምጣል፤ ቋጥኞቹ እርስ በርስ እየተጋጩ የሚያሰሙት ጉርምርምታ ሲቀንስ እጁን ያነሳል። ያን ጊዜ አካፋና ዶማ የያዘ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ በፊት አንድ ድንጋይ የሚነካ የለም። ሕጉ የመጣው ከበታች ካለው ቦይ ሰዎች ጋር ከተደረገ ስምምነት ነው፤ ማንም በገዛ ፈቃዱ ቢከፍት ውሃ እንደ ሰረቀ ይቆጠራል፤ ነገሩም በዱላ ያልቃል።

ባለፈው ክረምት አላምረው የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ትዕግሥት አጥቶ የታረቀኝ እጅ ሳይነሳ አፉን ናደው። ጉዳት አልደረሰም፤ እንዲያውም ውሃው በደህና ሰዓት ነበር የገባው። ሽማግሌዎች "ይለፈው" ብለው ለመኑለት። ታረቀኝ አልሰማም። "ዛሬ በደህና ገባ ብለን ካለፍነው ነገ የሚጠብቅ አይኖርም" አለ። አላምረው በቦዩ አፍ የተከመረውን ደለል ብቻውን እንዲጠርግ ተፈረደበት፤ ጠረገም።

ታረቀኝ ሞተር ሳይክል የገዛው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ፣ ሽንኩርት ዋጋ ባወጣበት ዓመት ነው። ለቦዩ ሥራ ብሎ ነበር፤ ከአፉ እስከ ጭራው በእግር ሲኬድ ብዙ ያደክማል። ሰዎቹም መረቁለት። ዳሩ ግን ከሥራ ውጭም መንዳት እንደሚወድ ቶሎ ገባው። አመሻሹ ላይ አስፋልቱን ይዞ እስከ ጎብዬ ይሄድና ምንም ሳያደርግ ይመለሳል። የት ነበርክ ሲሉት የበሬ ዋጋ ልጠይቅ ሄጄ ነው ይላል። ልጆች ያሳደገና ሰው የሚዳኝ ገበሬ ነፋስ ለመቀበል ይነዳል እንዲባል አልፈለገም።

ይህን ጠባዩን የሚያውቀው ሙሀመድሰይድ ብቻ ነበር። ሙሀመድሰይድ የሮቢት ፍየል ነጋዴ ነው፤ ከአፋር ወገን እየገዛ ያመጣል፤ እሱም ሞተር አለው። ሁለቱ በአንዲት ሻይ ቤት ጓሮ እየተቀመጡ ጎሊናን ከላይ እስከ ታች በሞተር ስለ መከተል ማውራት ከጀመሩ ሁለት ክረምት ሆኗል። ታረቀኝ በእንጨት መሬት ላይ ይስላል፤ ወንዙ ከደጋው የሚወርድበትን ገደል፣ አስፋልቱን፣ ሜዳውን፣ በምሥራቅ ደግሞ ተራራውን ሰንጥቆ የሚወጣበትን ጠባብ። ያንን ጠባብ በሩ ይሉታል። ከበሩ ወዲያ ሲደርስ እንጨቱን ለሙሀመድሰይድ ይሰጠዋል።

"እዚህ ጋ ዛፍ አለ። ጥላው መንደር ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ወንዙ ይበተናል፤ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ።"

"መጨረሻውስ?"

"መጨረሻ የለውም። አሸዋው ይጠጣዋል።"

"አንድ ቦታ ላይማ ያልቃል።"

"ሄደህ እየው እንግዲህ። እኔ የማየው ፍየል ነው፤ ውሃ አላይም።"

ጉዞው ለጥቅምት ታሰበ፤ ጎርፉ አልቆ ማሽላው ገና ሳይታጨድ። ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ይይዛሉ፤ ትርፍ ከለመዳሪያ፣ ማጣበቂያና መንፊያ ይጭናሉ። ማደሪያቸው የሙሀመድሰይድ አፋር ወዳጅ ቤት ነው። ሙሀመድሰይድ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀው።

"መንገድ ላይ ሰው ስታገኝ ሞተር አጥፍተህ ትወርዳለህ። ከየት መጣህ ይልሃል። የዘነበውን፣ የሞተውን፣ የተወለደውን ትነግረዋለህ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። እሱም ይነግርሃል። ዳጉ ነው። ቸኩለህ ካለፍክ የምትደብቀው አለህ ማለት ነው።"

"እንዲህ ከሆነ ኅዳርም አንደርስ።"

"አንተ ደግሞ ወሬ የማትወድ ይመስል።"

አንድ ያልተረጋገጠ ነገር ቀረ። ሙሀመድሰይድ ወደ አፋር የሚወርደው በሌላ መንገድ ስለሆነ በበሩ ሞተር ማለፍ አለማለፉን አያውቅም። እዚያ ካላለፈ እቅዱ በሙሉ ይበላሻል። ሐምሌ ውስጥ ሙሀመድሰይድ ገበያ የሌለበት አንድ ቀን ሲያገኙ ሄደው ሊያዩት ተስማሙ።

የውሃ አባት ከቦዩ ሲርቅ ተተኪ መሰየም አለበት። ቀላል ነገር ነው፤ "ዛሬ እጁን እገሌ ያነሳል" ብሎ ለሁለት ሰው መናገር ይበቃል። ታረቀኝ ለቀብርም ሆነ ለሕክምና ሲሄድ ይህን ሳያደርግ ቀርቶ አያውቅም። የዚያን ቀን ግን ተተኪ ቢሰይም የት ልትሄድ ነው ይሉታል። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ በሚያርምበት ወር፣ ለሽርሽር የሚሆን መንገድ ልመለከት ነው ብሎ መመለስ ሊኖርበት ነው። ወደ ምዕራብ አየ፤ ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዛሬ ጎርፍ አይመጣም አለ በልቡ። ለሚስቱ ለታንጉት "ሮቢት ደርሼ እመጣለሁ" ብሏት ወጣ።

ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ከጠበቁት በላይ ደህና ነበር። ጠባቡ ጋ ሲደርሱ ከወንዙ ከፍ ብሎ በገደሉ ወገብ የሚሄድ የእግር መንገድ አገኙ፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ድንጋይ ከተነሳ ሞተር እየገፉ ያሳልፉበታል። ታረቀኝ ወዲያና ወዲህ እየሄደ ስፋቱን በክንዱ ለካ። ከዚያ ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ቆርሰው በሉ። ኔትወርክ አልነበረም፤ ታረቀኝ ስልኩን ከኪሱ ስላላወጣ ይህንንም ልብ አላለም።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ቀጥሎ ጎርፉ ጠባቡን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ ገባ። ታረቀኝ ዕድሜውን ሙሉ ያየው በሜዳ ላይ የተዘረጋ ጎርፍ ነው፤ እንዲህ ተጨምቆ ቋጥኝ ላይ ሲዘል አይቶ አያውቅም። ሙሀመድሰይድ በስልኩ መቅረጽ ጀመረ።

"ማሻ አላህ። እየው፣ እየው ያንን ግንድ።"

"እንዴት ያምራል" አለ ታረቀኝ። ሳቀ፤ ደጋግሞ ሳቀ። "ይሄን ሁሉ ዘመን እዚያ ቁጢጥ ብዬ ይሄንን አላየሁም።"

ግንባሩ አለፈ። የቋጥኞቹ ጉርምርምታ ቀነሰ። የታረቀኝ ቀኝ እጅ ከጉልበቱ ላይ በራሱ ተነሳ፤ ከልማድ ነው። እጁን አየር ላይ ሲያየው ሳቁ ቆመ። ወደ ውሃው ተመለሰና እንደ ሥራው ሊለካው ጀመረ። የእነሱ ቦይ ሲከፈት ከወንዙ ግማሽ ያህሉን ይወስዳል፤ ወደዚህ የሚወርደው ቀሪው ነው። ይህ ግን ቀሪ አልነበረም።

"ሙሀመድሰይድ።"

"እ።"

"ይሄ ሙሉ ውሃ ነው።"

"ሙሉ ነው እንጂ፤ ገደሉን ሊወስደው አይደል።"

"አልከፈቱም" አለ ታረቀኝ። "እኔን እየጠበቁ ነው።"

የሚጠበቅ ነገር እንኳ አልቀረም። እሱ ሲስቅ ያየው ውሃ በሰዎቹ ፊት አልፎ የመጣ ውሃ ነው። ያም ሆኖ ወደ ሞተሩ ሮጠ። ወደ ሜዳው ሲወጡ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቆም እያለ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ማን ማን እንደደወለ ለማየት አልቆመም።

ሰዎቹ ዳር ላይ በተርታ ተቀምጠው ደረሰባቸው። አካፋዎቹ ደረቅ ነበሩ። የቦዩ አፍ እንደተደፈነ ነው፤ ወንዙ ከቁርጭምጭሚት የማያልፍ ቀይ ውሃ ብቻ ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ የተነሳችው ጀዊሪያ ናት። ባሏ የሞተባት፣ በቦዩ ጭራ ላይ የምታርስ ሴት ናት። ባለፈው ጎርፍ ውሃው ማሳዋ ሳይደርስ ስላለቀ የዛሬው የመጀመሪያ ተራ የእሷ ነበር።

"ደህና ነህ ወንድምዓለም? ሞተሩ ጥሎት ይሆናል ብለን ሰው ብንልክ ሮቢት የለም አሉን።"

"ጎማ ፈንድቶብን" አለ ሙሀመድሰይድ ፈጥኖ። "መንገድ ላይ ቆመን ዋልን።"

ታረቀኝ አላስተባበለም፤ ሞተሩን ለማቆም ጎንበስ አለ።

"አልሀምዱሊላህ" አለች ጀዊሪያ። "ነፍስህ ከተረፈች ውሃ ሌላ ይመጣል።"

አላምረው አካፋውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። "እኔማ ልከፍተው ነበር፣ አያ ታረቀኝ። ደለሉ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።"

ሰዎቹ ሳቁ። ታረቀኝም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ።

ሙሀመድሰይድ የቀረጸውን ቪዲዮ ያን ዕለት ማታ ዋጃ ላለ ወዳጁ ላከው። ክፉ አላሰበም፤ ውሃው አስደንቆት ነው። ወዳጁ ለሌላ ላከ፤ ያኛው ለሌላ። ሳምንት ሳይሞላ ሮቢት ውስጥ ያላየው አልነበረም ማለት ይቻላል። ታንጉት ወፍጮ ቤት ሄዳ ተመልሳ ዱቄቱን ስታወርድ እንዲህ አለችው፦

"ሴቶቹ ስልክ ከበው ያያሉ። እኔንም ጠሩኝ።"

"ምን ያያሉ?"

"የበሩን ጎርፍ። አንተ አትታይም። ሳቅህ ይሰማል።"

ታረቀኝ ዱቄቱን ተቀብሎ ጥግ አስቀመጠው።

"እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼህ አላውቅም" አለች። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ ወንፊቱን ፍለጋ ወደ ውስጥ ገባች።

የቦዩ ሰዎች ስብሰባ የሚቀመጡት እዚያው አፉ ዳር ነው። በዕድሜ የሚበልጣቸው በድረዲን ከሰላምታና ከዱዓ በኋላ ነገሩን ራሱ ጀመረ።

"የባለፈው ውሃ አምልጦናል። ጎማ የፈነዳበት ሰው ግን አይከሰስም። ሰው ያደረገው አይደለም። ወደ ሌላው ጉዳይ እንለፍ።"

ማንም ወደ ታረቀኝ አላየም። አንዱ መሬት ይጭራል፣ አንዱ የአካፋውን እጀታ ያሻሻል። ታረቀኝ ሁሉም ቪዲዮውን እንዳዩት የገባው ዓይናቸውን ከሸሸጉበት ሁኔታ ነው። ቀድመው መክረዋል። ክረምቱ ገና አልተጋመሰም፤ የቋጥኙን ድምፅ እንደ እሱ የሚለይ የለም፤ ለሽርሽር ሄዶ ውሃ ካስመለጠ የውሃ አባት ይልቅ ጎማ የፈነዳበት ይሻላቸዋል። ውሸቱን ለእሱ ሲሉ ተሸክመውለት ነበር። አሁን ዝም ቢል ይበቃል።

"ጎማ አልፈነዳም" አለ።

"ተቀመጥ፣ ታረቀኝ" አለ በድረዲን።

"በሩ ጋ ነበርኩ። ጥቅምት በዚያ በኩል በሞተር ልንሄድ አስበን፣ ያልፍ እንደሆነ ልይ ሄጄ። ተተኪ ያልሰየምኩት የት ትሄዳለህ እንዳትሉኝ አፍሬ ነው። ጎማ ፈነዳ ሲባልም ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።"

አላምረው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያልፋል ወይ?"

"ምኑ?"

"ሞተሩ ነዋ።"

"ያልፋል" አለ ታረቀኝ።

ከኋላ የተቀመጡት በሳቅ ታፈኑ። ጀዊሪያ አልሳቀችም።

"ምን ነበረበት ዝም ብትል" አለችው። "እኛ ውጠነው ነበር። አሁን ልንፈርድብህ ነው።"

"ፍረዱ፣ እታለም።"

ፈረዱ። የዚያ ክረምት የታረቀኝ የውሃ ተራ ለጀዊሪያ ተሰጠ። አላምረው እንደተቀጣው ሁሉ የቦዩን አፍ ደለል ብቻውን እንዲጠርግ ተወሰነ። ሦስተኛው ቅጣት አልነበረም፤ መፍትሔ ብለው ያመጡት ነው፦ ከእንግዲህ የውሃ አባቱ በሰዓቱ ካልተገኘ አላምረው ይክፈት። አያቶቻቸው ያቆሙት ሕግ ተለወጠ ማለት ነው፤ ስለዚህ የታችኛው ቦይ ሰዎችም መስማማት ነበረባቸው። በድረዲን ወደ እነሱ ወርዶ አስረዳ። ለምን ለወጣችሁት ብለው ስለጠየቁት ምክንያቱንም ነገራቸው። ታረቀኝ ተራውን መቀማቱንና ደለሉን ሳያጉረመርም ተቀበለ። በታችኛው ቦይ በኩል ሲያልፍ ግን ከሞተሩ ወርዶ ሰላምታ መስጠት ከበደው፤ እየዞረ በሌላ መንገድ ይሄድ ጀመር፤ ቆይቶም ሞተሩን ማስነሳት ተወ።

ደለሉን ሲጠርግ ሙሀመድሰይድ መጣ። ከዳር ቆሞ ጥቂት አየውና ጫማውን አወለቀ።

"አካፋ አምጣልኝ።"

"ብቻዬን ነው የተባልኩት።"

"እሺ፣ እኔ ቁጭ ልበል።" ቁጭ አለ። "ቪዲዮውን የላክሁት እኔ ነኝ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

"አንተ ምን አደረግህ። የሳቅሁት እኔ ነኝ።"

"ጥቅምትስ?"

"አንተ ሂድ። በገደሉ መንገድ ስትገባ መጀመሪያ የምታገኘውን ድንጋይ ወደ ወንዙ አትግፋው፤ ዳሩን ይዞት ይወርዳል። ወደ ተራራው በኩል ነው የሚነሳው።"

"አንተ አለህ እኮ፣ ራስህ ታነሳዋለህ። ጥቅምት ጎርፍ የለ፣ ምን የለ። ማን ይከለክልሃል?"

"የሚከለክለኝ የለም።"

"ታዲያ?"

ታረቀኝ አካፋውን ደለሉ ውስጥ ተክሎ ቆመ። "መንገዱ በእነዚህ ሰዎች ማሳ መካከል ነው የሚያልፈው። የከሳ ማሽላቸውን ሲጠብቁ እኔ መንፊያና ዳቦ ጭኜ በአጠገባቸው ላልፍ ነው? ከሞተር ወርጄስ ምን ልነግራቸው ነው?"

ሙሀመድሰይድ ስለ ፍየል ዋጋ ጥቂት አውርቶ ሄደ።

የሚቀጥለው ጎርፍ የመጣው ነሐሴ ከገባ በኋላ ነው። ታረቀኝ ከጠዋት ጀምሮ አፉ ዳር ነበር። ከላይ ደውለው ደጋው መዝነቡን ሲነግሯቸው ሰዎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ቆሙ። አላምረው አካፋውን ይዞ አጠገቡ ተቀመጠ፤ እንደ አዲሱ ሕግ ሥራው ነው። ግንባሩ ግንድ እያንከባለለ አለፈ። ታረቀኝ አዳመጠ። ጉርምርምታው ቀነሰ፤ እጁን አነሳ።

የተንቀሳቀሰ አልነበረም። ዓይናቸው ወደ አላምረው ሄዷል። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ ታረቀኝ ግን አየው።

"ወደ እኔ ምን ታያላችሁ" አለ አላምረው። "ተነስቷል እኮ።" በአካፋውም መጀመሪያ እሱ መታ።

ውሃው ገባ። በሰዓቱ ነበር የገባው፤ ጠጠርም ብዙ አልያዘም። ታረቀኝ በቦዩ ዳር ከውሃው እኩል በእግሩ ወረደ። የራሱ ማሳ መግቢያ ጋ ሲደርስ አፈር ዝቆ ደፈነውና እንዳይሾልክ በእግሩ ረገጠው፤ ከዚያ እስከ ጭራው ቀጠለ። ጀዊሪያ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ማሳዋ ውስጥ ቆማ ትጠብቅ ነበር። የማሽላው ቅጠል ተጠቅልሏል። ከበታች በኩል ያለው ጫፉ ቢጫ ሆኗል፤ ዘለላም አላወጣም።

ውሃው ገብቶ ወደ ሥሩ ሲሄድ ሁለቱም ቆመው አዩ።

"የላይኛው ይተርፋል" አለች። "የታችኛውን ለከብት አጭደዋለሁ።"

"እኔ ልጨድልሽ፣ እታለም።"

"የራስህን ማን ያጭድልሃል? አንተም ዘንድሮ ከእኔ አትሻልም።" ዶማዋን አንስታ የፈሰሰባትን ውሃ መለሰች። ከዚያ ወደ ምዕራብ አገጯን ቀሰረች። "ደጋው ገና አላባራም። ተመለስ፤ ሌላ ሊመጣ ይችላል።"

ታረቀኝ በመጣበት ዳር ወደ ላይ ተመለሰ። አላምረው ከአፉ አልተነሳም ነበር። ለታረቀኝ ቦታ ለቀቀለትና ሁለቱም ወንዙን ማየት ቀጠሉ።